ያልተቀበልናት ግጥም

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሰፈር፣ ከባቡሩ ፌርማታ ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ደጅ ተቀምጬ ጉልበቴን ፀሐይ ሳስመታ የጽጌ ልጅ ሳራ መጣች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሬን ይዤ አብሬያት እዞራለሁ። ሳራ ሮም ተወልዳ ሮም ያደገች ልጅ ናት። የእናቷን የጓዳ አማርኛ ትሰማለች፤ ግጥምና ወግ ሲመጣ ግን ይጠፋባታል። ስትናገርም ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትለው፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ሰላምታዋን ሳትጨርስ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቅላ ጆሮዬ ላይ ሰካችው።

«ጋሽ ኤፍሬም፣ ስሚ፣ ስሚ! ኬ ቤሎ፣ እንዴት ያምራል!»

የሕዝብ ጫጫታ ይሰማል። ነፋስ ማይክራፎኑን ይመታል። ድራም አለ፣ አኮርዲዮን አለ፣ ወፍራም የሴት ድምፅ አለ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ አንድ ቤዝ ጊታር ይሄዳል። ሰው የገዛ ሳሉን መቼም አይስተውም። ዘፈኑን ከማወቄ በፊት ጣቶቼን አወቅኋቸው።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

ግማሹን በጣሊያንኛ ግማሹን በአማርኛ ነገረችኝ። ከደቡብ ጣሊያን አንድ በዕድሜ የገፋ የድምፅ ባለሙያ ያስቀመጠውን የድሮ ክር ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ አሁን ወጣቶቹ በየዳንስ ቤቱ ያስጮኹታል። «ቆይ፣ አሁን ስሚ። እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ያብዳል» አለች። ከሕዝቡ መሀል አንዲት ቀጭን የሴት ድምፅ ሁለት ስንኝ ወረወረች። ከዚያ ዘፋኟ ዝም አለች፣ አኮርዲዮኑም ዝም አለ፣ ቤዙ ብቻውን ቀረ። እየዞረ፣ እየዞረ፣ ብቻውን።

«ሴትዮዋ ምንድነው የምትለው? ዘፋኟስ ለምንድነው ዝም ያለችው? አርቴ ነው? ጥበብ?»

«አርቴ አይደለም» አልኳት። «እናትሽ ሰምታዋለች?»

«ማማ? ማማ መዝሙር ብቻ ነው የምትሰማው።»

አራንቻታ የሚሉትን የብርቱካን መጠጥ እንድታመጣልኝ ወደ ውስጥ ላክኋት። አልጠማኝም ነበር፤ ትንሽ ጊዜ ፈልጌ ነው። ነገሩን እኔ ልንገራት ወይስ ለጽጌ ልተወው አላውቅም።

እኛ ወጣት በነበርንበት ጊዜ ሮም ያለን ሐበሾች አብዛኞቻችን የምንሠራው በሰው ቤት ነበር። ሴቶቹ ያበስላሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ አሮጊት ያስታምማሉ፤ ወንዶቹ አትክልት እንኮተኩታለን፣ መኪና እንነዳለን። እረፍታችን እሑድና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ናት፤ ለራሳችን የምትቀረን ሐሙስ ብቻ ነበረች። በዚያች ግማሽ ቀን ሚስት የሚያጭ ያጫል፣ የሚጣላው ይጣላል፣ የሚታረቀው ይታረቃል። አንድ ሰው ሐሙስ ከቀረ ወይ ታሟል ወይ አሠሪዎቹ እንግዳ ጠርተዋል ማለት ነው፤ ሁለት ሐሙስ ከቀረ ሄደን እናንኳኳ ነበር። የሙዚቃ ባንዳችንም የሚለማመደው ሐሙስ ስለሆነ ስሙን «ሐሙስ» አልነው። በስም ብዙ አልተጨነቅንም።

አራት ነበርን። አለቃችን ጋሽ ታደሰ አኮርዲዮን ይጫወታሉ፤ የአንድ መኳንንት ቤት ወጥ ሠሪ ናቸው፣ እኛንም እንደ ድስት ክዳናችንን እየከፈቱ ነው የሚያዩን። ድራሙ ሚኪ ነው። ቤዙ እኔ ነኝ፤ ረጅም ስለሆንኩ ብቻ የሰጡኝ ይመስለኛል። ዘፋኛችን ብርቄ ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠን እኔና ሚኪ እትዬ ብርቄ እንላታለን። ብርቄ የአዝማሪ ልጅ ናት፤ ሮም ሳትመጣ ካዛንችስ አዝማሪ ቤት ዘፍናለች። እሷ ሰው ካላየች አትዘፍንም። አንዱን በኮፍያው፣ ሌላውን በአፍንጫው እያነሳች ትገጥማለች፤ ደግሞ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበይ!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርላት፣ ያለውን ሳታጎድል ተቀብላ በዜማ ትመልስለታለች። ስድብም ቢሆን ትቀበላለች። «የተሰጠኝን ካልተቀበልኩ ምኑን አዝማሪ ሆንኩት?» ትል ነበር።

አንድ ዓመት በጥቅምት ከደቡብ ጥሪ መጣልን። የተራራ ላይ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ባይኖር ፍየልና ቄስ ብቻ የሚቀርባት። የተማሪዎቹ ሬዲዮ ጥሩ የመቅረጫ ክፍል አለው። ዓርብና እሑድ ካሴት ልንቀረጽ፣ ቅዳሜ ደግሞ በትምህርት መክፈቻው በዓል ልንጫወት ተስማማን። ካሴት ማለት ያኔ ምን ማለት እንደሆነ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብዳል። ፎቶህ ሮም ኤስኲሊኖ ሰፈር ሱቅ መስኮት ላይ ይሰቀላል፤ ድምፅህ ከአንተ ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል። ጋሽ ታደሰ አሥር ጊዜ ተስፋ አድርገው አሥር ጊዜ የቀረባቸው ሰው ናቸው። ለሽፋኑ ገና ሳንቀረጽ አራታችንንም ነጭ ኮት አስለብሰው ፎቶ አስነሡን። እኔ የለበስኩት እጅጌው ክርኔን አላለፈም። ያንን ፎቶ ነበር ተማሪዎቹ በማስታወቂያ ላይ አትመው በከተማው ግድግዳ ሁሉ የለጠፉት።

ነጭ መኪና ተከራይተን ሚኪ እየነዳ ወረድን። ከዋሻ ወጥተን ዋሻ ስንገባ፣ ባሕሩ ብቅ ሲልና ሲሸሽ፣ ወደ ማምሻው ተራራውን ጀመርን። መንደሮቹ ውስጥ በየሰገነቱ ቀይ በርበሬ በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ታደሰ «አቁም!» አሉና ወርደው ከአንድ ሰው ግድግዳ ሥር ቆመው አሸተቱ። «ለካ በርበሬ የሚያሰጣ ጣሊያንም አለ!» አሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። በማግሥቱ ዓርብ ያረፍንበት ቤት ባለቤት የአሳማ ቋሊማ አቀረበችልን። ጾም ነን ብንላት በጥቅምት ምን ጾም አለ ብላ፣ የታመምን መስሏት ደነገጠች። ኋላ ግን የባቄላ ክክ እንደ ሽሮ አድቅቃ አብስላ፣ ከዱር ጎመን ጋር በርበሬ በዘይት አፍስሳበት አመጣች። ድስቱን ጠረግነው።

ቀረጻው ግን እንደ ምሳው አልሆነም። ካርሚኔ የሚባል ጭምት ልጅ ነበር የሚቀርጸን። እያንዳንዳችንን ለየብቻ መቅረጽ ፈለገ፤ ብርቄን ደግሞ ማዳመጫ አድርጎላት መስተዋት ቤት ውስጥ ብቻዋን ዘጋባት። ዘፈነች፤ ድምፁ ይወጣል፣ ነፍስ ግን የለውም። ካርሚኔ «ድገሚው» ሲላት ሌላ ግጥም ትገጥማለች። «አይ፣ ያንኑ ግጥም» ይላታል።

«ያኛውን እኮ ዘፈንኩት» ትላለች። «ደግሞስ ለማነው የምዘፍነው? ለግድግዳው ነው?»

ቀኑ እንዲሁ አለቀ። ጋሽ ታደሰ ራት አልበሉም። ካርሚኔ ግን ሲያስበው አድሮ መፍትሔ አገኘ፤ እሑድ ሁላችንንም አንድ ክፍል ሰብስቦ፣ ብርቄ ፊት ተማሪዎች ደርድሮ ሊቀርጸን። ቅዳሜንም ለሙከራ ያህል በክር ላይ እይዘዋለሁ አለ። ተስፋችን ሁሉ እሑድ ላይ ወደቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተጫወትነው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው፤ ጥንት ገዳም ነበር አሉ። ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች፤ አዲስ የወይን ጠጅ በየበርሜሉ ይቀዳል። ፊት ለፊት ፕሮፌሰሮቹ ከነቤተሰባቸው ወንበር ላይ፣ ከኋላ ተማሪዎቹ ቆመው። እኔ ከመድረኩ ግራ ሆኜ አንዲት ሴት አየሁ። ሰማያዊ የሥራ ሽርጥ ለብሳ ከአንዲት አሮጊት ተሽከርካሪ ወንበር ኋላ ቆማለች፤ ፀጉሯ ሹሩባ ነው። ሐበሻ ናት አልኩ በልቤ፤ ግን ዝም ብላ መሬት መሬት ስለምታይ ጥርጣሬ ገባኝ። ከጎኗ ወርቅ ያደረገች ሲኞራ ተቀምጣለች። ያቺ ሴት ጽጌ ነበረች፤ የሳራ እናት።

አራተኛው ዘፈን ላይ ብርቄ ልማዷ ሆኖ «ኧረ ግጥም የሚሰጠኝ የለም ወይ?» አለች። ማን ይሰጣታል? ተማሪዎቹ ስላልገባቸው አጨበጨቡ። እኔና ሚኪ ተያይተን ሳቅን።

«ተቀበይ!» አለች ያቺ ሴት።

ሚኪ ምት ሳተ። ጋሽ ታደሰ ዞር አሉ። ሴትዮዋ ወንበሩን ሳትለቅ፣ ፊቷን ሳትለውጥ፣ እንዲህ አለች፦

እንደምን ናችሁ ወይ የሀገሬ ልጆች፣
አማርኛ ርቧቸው ከረሙ ጆሮዎች።

ብርቄ ፊቷ በራ። ተቀበለቻት፤ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። ሲኞራዋም ደስ ብሏት ወደ ሠራተኛዋ ቀና ብላ አጨበጨበች። ጽጌ ቀጠለች፦

ለሦስት ወር ብለው አምጥተውኝ ከሮማ፣
ሁለት ዓመት ሞላኝ፣ ሐሙስም የለማ።

ሁለት ሐሙስ የቀረ ሰው ቤት ሄደን እናንኳኳ ነበር ብያችኋለሁ። ይቺ ሁለት ዓመት ያንኳኳላት የለም። ብርቄ ግጥሟን ሳታጎድል ተቀበለች፤ ከዚያ ጭፈራው ሳይቋረጥ በራሷ መለሰችላት፦

ሐሙስ ከሌለሽማ ሐሙስሽ ነን እኛ፣
የት ነው ወረቀትሽ? ሁኚ መንገደኛ።

ተማሪዎቹ መዝለል ጀምረዋል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ነገሩ የገባን አምስታችን ብቻ ነን። ጽጌ አሁንም ፊቷ ላይ ምንም የለም፦

ጧት ከመሳቢያቸው ፓስፖርቴን አወጣሁ፣
ደረቴ ውስጥ አለ፣ መንገዱን ግን አጣሁ።

ብርቄ ተቀበለች፤ ጋሽ ታደሰንም እኔንም ሳታማክር በማይክራፎን እንዲህ አለች፦

ነጭ መኪና ቆሟል ከምንጩ በስተግራ፣
ዘፈኑ ሲያበቃ ተሳፈሪ ከኛ ጋራ።

ጋሽ ታደሰ እየተጫወቱ በዓይናቸው ገደሏት። አሁን ከሄድን እሑድ የለም፣ ካሴት የለም። ይህ ለሁላችንም ወዲያው ነው የገባን፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ከከተማው ይዘን ወጥተን፣ ነገ ደግሞ ተመልሰን የምንቀረጽበት መላ አልነበረም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካሴቱ አሳዘነኝ። ለእናቴ በስልክ ነግሬያት ነበር።

አለቀ ስንል ጽጌ አንድ ጊዜ ደግማ «ተቀበይ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። አሮጊቷ ሙዚቃው ደስ ብሏቸው እጇን ወደ ኋላ ፈልገው ይዘዋት ነበር፦

እጄን እንደያዘች ትቼ አሮጊቷን፣
ማን ያውቃል ከእንግዲህ የመድኃኒት ሰዓቷን?

ብርቄ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ስድብ የምትቀበለው ብርቄ ያቺን ሁለት ስንኝ መቀበል አቃታት። ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን ከአኮርዲዮኑ አነሡ። ሚኪም አቆመ። እኔ የማደርገው ስለጠፋኝ ያችኑ ዙር ደገምኳት፤ ደግሜ ደገምኳት። ሰዎች የሚያብዱባት እሷ ናት።

ከዚያ ጋሽ ታደሰ በአንድ ረጅም ድምፅ ዘጉት፤ ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበ። ሲኞራዋ ከዩኒቨርሲቲው ሬክተር ጋር ሰላም ልትባባል ወደ ፊት ሄደች። ጽጌ ወንበሩን እየገፋች አሮጊቷን ከሲኞራዋ ጎን አደረሰች፣ ፍሬኑን ረገጠች፣ ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመች፣ ከዚያ በሰው መሀል በቀስታ ሄደች። አልሮጠችም። እኛ የተከራየነውን ማጉያ ሳይቀር ጥለን ስንደርስ እሷ ከምንጩ ዳር ቆማ እጇን እየታጠበች ነበር።

ለካራቢኒዬሪ፣ ለፖሊሶቹ፣ አትነግሩም ነበር ወይ የሚል አይጠፋም። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አልታደሰላትም፤ ብንነግር የምትሳፈረው ወደ ሮም አይሆንም ነበር። መኪናው ውስጥ በብርቄና በድራሙ መሀል ተቀምጣ ነገሩን ነገረችን። አሠሪዎቿ ክፉዎች አልነበሩም፤ አይመቷትም፣ ያበሏታል። የሲኞራዋ ባል፣ ፕሮፌሰሩ፣ ለሥራ ሲመጣ ለሦስት ወር ብለው ይዘዋት መጡ፤ ከዚያ ረሷት። ሐሙስ ልውጣ ስትል ሲኞራዋ «እዚህ ሐበሻ የለ፣ ከማን ጋር ልትሆኚ ነው?» ትላታለች። ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ግድግዳ ላይ ነጭ ኮት ለብሰን አየችን፤ «ሐሙስ» የሚለው በእኛ ፊደል ተጽፏል።

«መድረኩ ሥር መጥቼ ልነግራችሁ ነበር» አለች። «ሲኞራ ከጎኔ አልነቃነቅ አለች። እትዬ ብርቄ ግጥም ስትጠይቅ፣ እግዜር ነው የጠየቀኝ አልኩ።»

ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም ጋሽ ታደሰ «እሺ፣ ነገስ? ቀረጻውስ?» አሉ።

«ጋሼ» አለቻቸው ብርቄ፣ «እርስዎ ሐሙስ አለዎት።»

ተራራው ላይ ይበርድ ጀምሮ ነበር፤ ልጅቱ በሽርጥ ብቻ ነበረች። ጋሽ ታደሰ ያን ነጭ ኮታቸውን አውልቀው፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ በትከሻቸው በኩል ሰጧት።

ካሴታችን ሳይወጣ ቀረ። ካርሚኔ ከእንግዲህ አያነጋግረንም ብለን ደብዳቤ እንኳ አልጻፍንለትም፤ እሱ ግን ክሩን ይህን ሁሉ ዘመን ይዞት ኖሯል። ሚኪ ስዊድን ገባ። ጋሽ ታደሰና ብርቄ ዐርፈዋል። ጽጌ ኤስኲሊኖ ልብስ ስፌት ተማረች፣ አገባች፣ ሳራን ወለደች። ስለዚያ ቀን እኔና እሷ አውርተን አናውቅም። እኔ ላስታውሳት አልፈለግሁም፤ እሷ ለምን እንዳላነሣችው ያወቅሁት ባለፈው ሐሙስ ነው።

ሳራ አራንቻታውን ይዛ ስትመለስ ስልኬን አውጥቼ ለጽጌ ደወልኩ። ሱቋ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ መጣች።

«ምነው ኤፍሬም፣ አመመህ እንዴ?»

«ተቀመጪ» አልኳትና ማዳመጫውን ሰጠኋት።

አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ሰማች። መጀመሪያ ብርቄን አውቃ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። ቤዙ ብቻውን ሲቀር መዳፏን ከጆሮዋ አውርዳ ሌላ እጇን ያዘችበት፤ ቀኝ እጇን በግራ እጇ።

«ማማ፣ ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?» አለች ሳራ።

«ድምፄ እንዲህ ቀጭን ነበር?» አለች ጽጌ፣ ለእኔ።

ሳራ እኔን አየች፣ እናቷን አየች። ጽጌ ነገረቻት፤ ባጭሩ፣ የሱቅ ነገር እንደምታወራ። መጨረሻ ላይ ብቻ ቀስ አለች። «የመድኃኒቱን ሰዓት ለበረኛው ሚስት ነግሬያት ነበር፤ ግን ሴትዮዋ ትረሳለች። ከሮም ስልክ ደወልኩ። አሮጊቷ፣ ኖና ኤልቪራ፣ እንዴት አደሩ አልኩ፤ ዘጉብኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጉብኝ። ምን እንደሆኑ ሳላውቅ ይኸው አረጀሁ። ለአንቺስ አምልጬ ነው የመጣሁት ብዬ እንዴት ላውራሽ? ያመለጥኩት ከእሳቸውም ነው እኮ።»

ሳራ ብዙ ጊዜ አትበገርም፤ ያን ቀን ግን የራሷን እንባ በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ «ዘፋኟ ግን ለምን ዝም አለች?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

«አቃታት» አልኳት። «እሷ የተሰጣትን ሁሉ የምትቀበል ሰው ናት። ያቺን ብቻ ነው ያልተቀበለችው።»

ባቡሩ መጥቶ ቆሞ ሄደ። ሳራ ስልኳን ኪሷ ከተተችና ወንበሯን ወደ እናቷ ሳበች። «ማማ፣ በቀስታ በይልኝ፤ እኔ ልቀበላት» አለች።

በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ሳይቋጭ እንደሚቀር ለምጄ ነበር። የካሴቱ ነገርም ከነዚያ አንዱ ነበር፤ ሲያበሳጨኝ ኖሯል። አሁን አይቆጨኝም። ሁለቱን ፊት ለፊት ሳያቸው ጣቶቼ ሳላዝዛቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መምታት ጀመሩ፤ ያችኑ የጥንቷን ዙር።

«ተቀበይ» አለቻት ጽጌ።

ሳራ እያንዳንዱን ቃል በሮማ ምላሷ እየሰባበረች፣ ሳታጎድል ተቀበለች፦ እጄን እንደያዘች፣ ትቼ አሮጊቷን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተደናቀፈችና ወደ እናቷ አየች።

«ሰዓቷን» አለቻት ጽጌ።

«ሰዓቷን» አለች ሳራ።